የጦሩ ቀለብ ከየት ይመጣል? ከአዲስ ዓለም ጫካ እስከ ዑመር መዝገብ



ከጉደር፣ ከአምቦ ወይም ከግንጪ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ አዲስ ዓለምን ያልፋታል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች አነስተኛ ከተማ ናት። መኪናው ለአፍታ ይቆማል፤ የሚወርደው ይወርዳል፤ የሚሳፈረው ይሳፈራል፤ ጉዞው ይቀጥላል። ይህች ከተማ ግን ከ120 ዓመት በፊት የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ለመሆን ተቃርባ ነበር። ቤተ መንግሥቷ ተጀምሮ ነበር። ስሟም የወጣላት ለዚሁ ነው።

መንግሥት አዲስ አበባን ትቶ ወደዚህ ሊመጣ ያሰበው ለምን ነበር? የጠላት ጦር ስለመጣ አልነበረም። ወረርሽኝ ስለገባም አልነበረም። ያለቀው ማገዶ ነበር።

ስለ ወታደር በጀት ሲነሳ ሐሳባችን ወዲያው ወደ ጠመንጃ፣ ወደ ታንክና ወደ ደመወዝ ይሄዳል። ነገር ግን ጦር ከመተኮሱ በፊት ይበላል። ከመብላቱ በፊት ያበስላል። ለማብሰል እንጨትና ውሃ ይፈልጋል። ፈረሱና በቅሎው ሣር ይፈልጋሉ። ይህ ሁሉ የሚወጣው ከመሬት ነው። ስለዚህ የጦር እውነተኛ ግምጃ ቤት መሬቱና ገበሬው ናቸው። ይህን ግምጃ ቤት ሳይቆጥር የሚያወጣ መንግሥት ከማን እየተበደረ እንደሆነ አያውቅም። የኛው የምዕራብ ሸዋ መንገድ ይህን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ያሳያል።

ከተማው ሰፈር ነበር

እስቲ ቃላቱን ራሳቸውን እንመልከት። "የት ሰፈር ነህ?" ስንባባል ስለ ወታደር አናስብም። "ሰፈር" ግን "ሰፈረ" ከሚለው የመጣ ነው፤ ጦሩ ድንኳኑን ተክሎ ያረፈበት ቦታ ማለት ነው። "ከተማ" የሚለውም "ከተመ" ከሚለው ነው፤ ንጉሥ ከነሠራዊቱ ሲያርፍ "ከተመ" ይባላል። በአዲስ አበባ "ጠመንጃ ያዥ" እና "ሠራተኛ ሰፈር" የሚባሉት ስሞች የዚያ ዘመን ትዝታ ናቸው። ንጉሡ መሃል ላይ ይሰፍራሉ፤ መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ወታደሮቻቸውን ይዘው በዙሪያው ይሰፍራሉ። ከተማ ማለት ይኸው ነበር።

ሌላም ቃል አለ፤ "ግብር"። ግብር ገበሬው ለመንግሥት የሚከፍለው ነው። ቤተ መንግሥት አዳራሽ ውስጥ ለሠራዊቱ የሚቀርበው ድግስም ግብር ይባላል። ንጉሥ "ግብር አበላ" ይባላል። አንዱ ቃል የእንጀራውን ሁለት ጫፎች ይይዛል፤ በአንዱ ጫፍ የዘራው ገበሬ፣ በሌላው ጫፍ የበላው ወታደር። የቀድሞው የጦር በጀት በአንድ ቃል ይህ ነበር።

ወታደሩም ብቻውን አይሰፍርም ነበር። ሚስቱ፣ አሽከሩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ በቅሎ ጫኙ አብረው ይጓዛሉ። አንድ ሺህ ጠመንጃ ያዥ ማለት ብዙ ሺህ አፍ ማለት ነው። በየቀኑ ምጣድ ይጣዳል፤ ለቤትና ለአጥር ምሰሶ ይቆረጣል። ጦሩ አንድ ቦታ በቆየ ቁጥር ጫካው እየራቀ ይሄዳል። መጀመሪያ ማገዶ ለቃሚው ጠዋት ሄዶ ረፋዱ ላይ ይመለሳል። ቀጥሎ ማታ ይመለሳል። በኋላም ማደር ይመጣል። ያን ጊዜ መፍትሔው አንድ ብቻ ነበር፤ ድንኳን ነቅሎ ሌላ ጫካ መፈለግ። ከአሮጌዎቹ የነገሥታት መናገሻዎች ብዙዎቹ የተለቀቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከእንጦጦ እስከ አዲስ ዓለም

አጼ ምኒልክ ከአንኮበር ተነስተው በተለያዩ ቦታዎች ከሰፈሩ በኋላ እንጦጦ ላይ ከተሙ። እንጦጦ ከፍታው ለጥበቃ ይመች ነበር፤ ግን ብርድ ነው፣ ውሃው ሩቅ ነው፣ እንጨቱም አለቀ። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ፍልውሃው አጠገብ አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ ስሙን ያወጡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከተማዋ በፍጥነት አደገች። በአሥር ዓመት ተኩል ውስጥ ግን በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ተመነጠረ።

በ1893 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ምዕራብ ተመለከቱ። ከሆለታ ማዶ ያለው አገር ገና ደን ነበረው፤ የመናገሻ ደንም በቅርብ አለ። ስለ መናገሻ ደን የሚነገረው ትውፊት ደስ ይላል፤ በ15ኛው መቶ ዘመን አጼ ዘርዓ ያዕቆብ የተራቆተውን ተራራ አይተው የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የተተከለ ዛፍ ለምኒልክ ከተማ ምሰሶ ሆነ ማለት ነው። የተከለውና የቆረጠው በአንድ ዘመን አልተገናኙም። ይህን በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቤተ መንግሥቱ ኤጀርሳ በሚባለው ኮረብታ ላይ ተጀመረ፤ ስሙም አዲስ ዓለም ተባለ። ኤጀርሳ በኦሮምኛ ወይራ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ለምን እንደተመረጠ ይናገራል። ነገር ግን ዝውውሩ ሳይፈጸም ቀረ። አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ አገር መልእክተኞችና ነጋዴዎች የድንጋይ ቤት ሠርተው ስለነበር መነሳቱን አልወደዱትም። ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም መንገድ ተሠራ፤ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ይህ አሁን የምንጓዝበት ነው። የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ዛፍ ከተማዋን አስቀራት፤ ባሕር ዛፍ። ፈረንሳዊው የምኒልክ አማካሪ ሞንዶን ቪዳዬ በ1880ዎቹ አጋማሽ እንዳስመጣው በሰፊው ይነገራል። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ምኒልክ ሰው እንዲተክለው አበረታቱ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አዲስ አበባ በባሕር ዛፍ ተከበበች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፈሩ ጫካ ፍለጋ መሄዱን ትቶ ጫካውን ወደ ሰፈሩ አመጣ። "ስንቱን እንቆርጣለን?" ብቻ ሳይሆን "ስንቱን እንተካለን?" የሚል ጥያቄ ወደ መንግሥት ሒሳብ የገባው እንዲህ ነው። ባሕር ዛፍ የራሱ ዕዳ እንዳለው ዛሬ ገበሬው ያውቃል፤ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ እህል አያበቅልም፣ የእርሻ መሬትንም ይሻማል። ቢሆንም የተከለ ሰው ከነቀለ ብቻ ይሻላል።

ክፉ ቀን የጻፈው አዋጅ

የማገዶው ታሪክ ከእህሉ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አገሪቱን የመታው ረሃብ "ክፉ ቀን" ይባላል። በምጽዋ በኩል ከገባ ከብት ጋር የመጣው የከብት በሽታ በሬዎችን ጨረሰ። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱም እንዲከተሉ አዘዙ።

በዚያ ጊዜ ወታደሩ የሚኖረው በገበሬው ላይ ነበር። ጦር በሚያልፍበት ሁሉ ገበሬው ቤቱን ይለቃል፣ ያበላል፣ ያጠጣል። ዓመቱ ጥጋብ ሲሆን ይህ ጭቆና ነው፤ ዓመቱ ረሃብ ሲሆን ሞት ነው። ጎተራው ሲራቆት ገበሬው የዘሩን እህል ይሰጣል። የዘሩን እህል የሰጠ ገበሬ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሚሰጠው የለውም። ወታደሩ ዛሬ የበላው የነገውን ቀለብ ነበር።

ከዚያ ቀደም አጼ ቴዎድሮስም ችግሩን አይተውት ነበር። ወታደሩ እንዳይዘርፍ ደመወዝ ሊቆርጡለት ሞክረው ነበር፤ ግን የሚከፈል ገንዘብ የሚያመጣ ሥርዓት አልነበራቸውም። ጦሩ ተመልሶ ገበሬውን በላ፤ ገበሬው አመጸ፤ ጦሩም ከዳ። መቅደላ ላይ እንግሊዞችን የጠበቁት ከቀድሞው ሠራዊታቸው በቀረው ጥቂቱ ነው። ቴዎድሮስን የእንግሊዝ መድፍ ከማሸነፉ በፊት ቀለብ አሸንፏቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1892 ምኒልክ አዲስ ሕግ አወጡ፤ ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን ለጦሩ ቀለብ ይስጥ፣ ወታደሩም በገበሬው ቤት መግባቱን ይተው። ይህ "አስራት" ይባላል። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ድንገተኛ ዝርፊያን ወደ ታወቀ ልክ ይለውጣል። ከአሥር አንድ ማለት ምርት ሲያንስ ክፍያውም ያንሳል ማለት ነው። ለዑሽር ሥርዓት እንግዳ ያልሆነ አንባቢ ሚዛኑን ወዲያው ይረዳዋል።

አፈጻጸሙ ግን ሌላ ነበር። በብዙ ቦታ አስራቱ በአሮጌው ሸክም ላይ ተጨመረ እንጂ አልተካውም። በኛም አካባቢ፣ በጅባትና ሜጫ ምድር፣ በሌላውም ደቡብ፣ መሬት በቃላድ ተለክቶ ገባሩ ለሹምና ለወታደር ተመደበ። የመሬት መለኪያው ራሱ "ጋሻ" ይባል ነበር። ወታደሩ ደመወዙን ከግምጃ ቤት ሳይሆን ከአንድ ሰው ላብ እንዲያወጣ ተፈቀደለት። ይህ ለመንግሥት ርካሽ ይመስላል፤ ከካዝና የሚወጣ ብር የለምና። ወጪው ግን አልጠፋም፤ በገባሩ ቤት ተደብቆ ነበር። ቂሙም ከወጪው ጋር ተደብቆ ቆየ።

አስራቱስ? ከ1930ዎቹ ወዲህ በገንዘብ ተተምኖ በሌላ ስም ቀጠለ። ሙሉ በሙሉ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በአንድ የረሃብ ዘመን ለጦር ቀለብ የወጣ ግብር ሰባ አምስት ዓመት ኖረ። የጦር ወጪ ገብቶ የሚወጣ እንግዳ አይደለም፤ ከተቀመጠ አይነሳም።

ዓድዋና የእህሉ ሰዓት

በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲታወጅ ምኒልክ ከክፉ ቀን ተምረው ነበር። በየመንገዱ እህል እንዲከማች አስቀድመው አዘዙ። ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሠራዊት ወደ ትግራይ ዘመተ። መቀሌ ላይ ጣሊያን በምሽጉ ሲመሽግ እቴጌ ጣይቱ ውሃው እንዲያዝ መከሩ፤ ምሽጉ ያለ ውሃ ሊቆይ አልቻለም፤ ተለቀቀ። ውሃ ከመድፍ በልጦ ተገኘ።

እስከ የካቲት ግን ሁለቱም ጦሮች ስንቅ ጨርሰው ነበር። ትግራይ ከረሃቡ በደንብ አላገገመችም፤ መቶ ሺህ ሰው ለወራት መመገብ አትችልም። የምኒልክ ሰፈር ቦታ ለመልቀቅ ይዘጋጅ ነበር። ጄኔራል ባራቲየሪም የቀረው የጥቂት ቀን ቀለብ ነበር፤ ጄኔራሎቹ ወይ እንዋጋ ወይ እንመለስ እያሉ ገፋፉት። በየካቲት 23 ወጣ፤ ተሸነፈ። ጥቂት ቀን ቢታገስ ኖሮ የኢትዮጵያ ጦር በቀለብ እጦት ይበተን ነበር የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። ከድሉ በኋላ ምኒልክ ወደ ኤርትራ ያልገፉበት አንዱ ምክንያትም የስንቅ ማለቅ ነው። የጀግኖቹን ጀግንነት ይህ አይቀንሰውም። ግን ድልም ድንበርም በጎተራ ልክ እንደሚሰፈር ያሳያል።

ዑመር የጠየቁት ጥያቄ

አሁን ከዓድዋ ከ1250 ዓመት በላይ ወደኋላ እንመለስ። የሸዋ ነገሥታት የተፈተኑበት ጥያቄ በመዲናም ቀርቦ ነበርና፤ ብዙ ወታደር፣ ሰፊ መሬት፣ ማን ይቀልብ?

ዒራቅ በተከፈተ ጊዜ የሰዋድ ለም መሬት፣ በኤፍራጥስና በጤግሮስ የሚጠጣው፣ በሙስሊሞች እጅ ገባ። ወታደሮቹ መሬቱ እንደ ሌላው ምርኮ እንዲከፋፈል ጠየቁ። ከጠያቂዎቹ መካከል የኛው ቢላል (ረ.ዐ) አጥብቀው ከተከራከሩት አንዱ እንደነበሩ ተዘግቧል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) እምቢ አሉ። ክርክሩ ቀናት ፈጀ። ዐሊይ፣ ዑስማንና ጦልሓ (ረ.ዐ) ከዑመር ጋር ቆሙ። የዑመር መከራከሪያ ቀላል ነበር፤ መሬቱን ዛሬ ላሉት ብናካፍለው ነገ የሚመጡት ምን ይቀራቸዋል? ድንበሩን የሚጠብቁ ወታደሮችስ ወደፊት በምን ይከፈላቸዋል? ማስረጃቸውን ያገኙት በሱረቱል ሐሽር ውስጥ፣ ከነሱ በኋላ የሚመጡትን ከሚያነሳው አንቀጽ ነው። ይህን ክርክር ያቆየልን አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት የኸራጅ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ስለዚህ መሬቱ በአራሾቹ እጅ ቀረ፤ ኸራጅ ተጣለበት፤ ገቢው ወደ በይተል ማል ገባ፤ ወታደሩም በ20ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ በተቋቋመው ዲዋን ስሙ ተመዝግቦ ከዚያ ተከፈለው። ወታደሩና ገበሬው ፊት ለፊት እንዳይገናኙ መሃላቸው መዝገብ ገባ። መሬቱን እንዲለኩ ዑስማን ኢብኑ ሁነይፍና ሁዘይፋ ኢብኑል የማን (ረ.ዐ) ተላኩ። 36 ሚሊዮን ጀሪብ ተለካ ተብሎ ተዘግቧል፤ የክፍያው ልክም እንደ ሰብሉ ዓይነት ይለያይ ነበር።

አሁን ልብ የሚነካው ይመጣል። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ዑመር ከመወጋታቸው ጥቂት ቀናት በፊት እነዚህን ሁለት ሰዎች መዲና ላይ አግኝተው ጠየቋቸው። የጠየቋቸው ስንት እንደተሰበሰበ አይደለም። መሬቱ የማይችለውን ጭናችሁበት ይሆን ብለው ነው። የሚችለውን ነው የጫንነው ብለው መለሱ። ዑመር ግን አልረኩም፤ እንደገና እንዲያዩት አዘዙ።

የጦሩ ከብቶችና ፈረሶችም የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነቂዕ የሚባለውን ቦታ ለፈረሶች ሒማ፣ ማለትም የተከለለ ግጦሽ፣ አድርገውት ነበር። ዑመር ደግሞ ረበዛን ጨመሩ። ለሒማው ጠባቂ ለሁነይ የሰጡት ትእዛዝ ቡኻሪ ውስጥ አለ፤ ጥቂት ግመልና በግ ያለውን ድሃ አስገባው፣ የነዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የነዑስማንን መንጋ ግን አርቅ። ምክንያታቸው ደግሞ የሒሳብ ነው። ሀብታሙ ከብቱ ቢያልቅበት እርሻና ተምር አለው። ድሃው ከብቱ ካለቀበት ልጆቹን ይዞ ወደ በይተል ማል ይመጣል። ያን ጊዜ ወርቅና ብር ከመስጠት አሁን ሣርና ውሃ መስጠት ይቀላል። የጦር ሀብት ሲታቀድ የአካባቢው ድሃ ኪሳራም አብሮ ይታሰብ ነበር ማለት ነው።

ይህን ስናነሳ ያ ዘመን እንከን አልነበረበትም ለማለት አይደለም፤ ኸራጅም ለከፋዩ ሸክም ነው። ደግሞም የሰዋድ ታሪክ በዚያ አላበቃም። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ334 ዓመተ ሒጅራ፣ ቡወይሂዎች ባግዳድ ገቡ። ሙዒዙ ደውላ ለወታደሮቹ የሚከፍለው ገንዘብ አጣ፤ ዑመር አልከፋፍልም ያሉትን ያንኑ ሰዋድ ለወታደሮቹ በኢቅጧዕ አደላቸው። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ሚስከወይህ ውጤቱን መዝግቦታል፤ ወታደሮቹ መሬቱን መጥጠው ሲያራቁቱት መልሰው ሌላ ይሰጠን አሉ። ቦዩ ተደፈነ፣ ገበሬው ሸሸ። አንዱ መሬት፣ ሁለት ውሳኔ፣ ሁለት ውጤት።

ገባር ለወታደር የተመደበበትን የኛን ሥርዓት ከዚህ አጠገብ አስቀምጡትና አስተያዩ። መዲናም ባግዳድም አዲስ ዓለምም አንድ ሕግ ይናገራሉ፤ ወታደሩን በቀጥታ መሬት ላይ ከለቀቅከው የነገውን ይበላል። መዝገብ፣ ልክና ጠያቂ መሃል ካስገባህ መሬቱ ዕድሜ ያገኛል።

ከሆለታ እስከ ነገሌ

ወደ መንገዳችን እንመለስ። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የስዊድን መኮንኖች ያስተማሩበት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህ ወታደሩ በደመወዝ ወደሚኖርበት ዘመን የተሻገርንበት አንዱ በር ነው። ጣሊያን ሲወርር ከሆለታ ካዴቶች የተወሰኑት ወደ ምዕራብ ተጉዘው ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ድርጅት ካቋቋሙት መካከል ሆኑ። በወሊሶና በጅባት በኩል እነ ገረሱ ዱኪ ለዓመታት የተዋጉት ደኑን ተጠልለው፣ የገበሬውን እንጀራ በልተው ነው። ደኑ ቀድሞ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ አርበኛው የት ይጠለል ነበር? በሸነን በኩል ያለው የጅባት ደንና ከግንጪ በላይ ያለው የቺሊሞ ደን ዛሬ የቀሩን የዚያ ጫካ ቁራጮች ናቸው።

ደመወዝ ግን ብቻውን በቂ አልነበረም። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ያለው ብርጌድ አመጸ። መነሻው ፖለቲካ አልነበረም። ምግቡ መጥፎ ነበር፤ የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከልክለው ነበር። ሊያረጋጋ የተላከውን ጄኔራል ይዘው የነሱን ምግብና ውሃ አስቀመሱት። አመጹ ወደ ሌሎች ክፍሎች ተዛመተ፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ለአብዮቱ ብዙ ምክንያት ነበረው። ክብሪቱን የጫረው ግን ያልተጠገነ ፓምፕ ነው። ከውጭ ጦር መሣሪያ የሚገዛ መንግሥት ለአንድ የውሃ ፓምፕ መስመር አላስቀመጠም ነበር።

ዛሬስ?

የ2015 ዓ.ም. የፌዴራል በጀት 786.6 ቢሊዮን ብር ሲሆን ለመከላከያ 84 ቢሊዮን ተመድቦ ነበር። ቁጥሩ ብሩን ይነግረናል። ሠራዊት በሰፈረበት ስንት ሄክታር ደን ለማገዶ እንደዋለ፣ ስንት ጉድጓድ እንደተቆፈረ፣ የአካባቢው ሰው ውሃ እንደቀነሰበት ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ አይታይም። ነዳጃችንን በአብዛኛው ከውጭ በዶላር የምንገዛ አገር ነን።

ይህ የኛ ችግር ብቻ አይደለም። የ1997ቱ የኪዮቶ ስምምነት ሲፈረም አብዛኛው የውጭ አገር ወታደራዊ ዘመቻ ጭስ ከሒሳብ ውጭ ተደረገ። የዓለም ኃያል ጦሮች ነገሩን የተማሩት በደም ነው። የአሜሪካ ጦር አፍጋኒስታን ውስጥ ባደረገው ጥናት በየ24ቱ የነዳጅ ቅፍለት አንድ ሰው ይሞት ወይም ይቆስል ነበር። ከዚያ በኋላ የአንድ ሊትር ነዳጅ ዋጋ የማደያው ዋጋ ብቻ እንዳልሆነ ገባቸው፤ የሚያጓጉዘው መኪና፣ የሚጠብቀው ወታደርና የሚጠፋው ሕይወት አብሮ ይቆጠር ተባለ። ይህ የኛው የማገዶ ለቃሚ ታሪክ ነው፤ ጫካው በራቀ ቁጥር አንዱ ሸክም እንጨት ብዙ ያስከፍላል።

ታዲያ በበጀት መዝገብ ውስጥ ምን ይግባ? ታሪኩ ራሱ አራት ጥያቄ ይሰጠናል።

1. ሰፈሩ የሚያነደው ከየት ይመጣል? የተቆረጠውንስ ማን ይተካል? እያንዳንዱ ካምፕ የራሱ የተተከለ እንጨት ወይም ሌላ የማብሰያ ኃይል ይኑረው።

2. እህሉ የሚገዛው መቼና ከማን ነው? ጦር በክረምት፣ ጎተራ በሚራቆትበት ወር፣ ከገበያ ጠራርጎ ከገዛ የከተማው ድሃ ይራባል። በመኸር ከገበሬው በተገቢው ዋጋ መግዛት ግን ለሁለቱም ይጠቅማል።

3. ውሃው ለወታደሩም ለጎረቤቱም ይበቃል? የነገሌ ጉድጓድ መልሱን ሰጥቶናል።

4. ጦሩ ሲለቅ መሬቱን እንዴት ይመልሳል? ድንኳን መንቀል ቀላል ነው፤ ጉቶውን ማን ይሸፍነው?

እነዚህ ጥያቄዎች ጦርን ለማዳከም አይደሉም። ቴዎድሮስን ያዳከማቸው ያልተጠየቁ መሆናቸው ነው።

ለኛ የሚቀረው

"እኛ የከተማ ልጆች ነን፤ የጦር በጀት ምን አገባን?" ትሉ ይሆናል። ያገባናል። በጀቱ የሚጻፈው በሚከፍለው ሰው ስም ነው። ከናንተ መካከል ሒሳብ፣ ግብርና፣ ምህንድስናና ሕግ የሚማሩ አሉ። ነገ በዞን፣ በሚኒስቴር፣ ምናልባትም በሠራዊቱ ውስጥ መዝገብ የምትይዙት እናንተ ናችሁ። ያን ጊዜ ከፊታችሁ የሚቀርበው ሰነድ የብር ዓምድ ይኖረዋል። ሌላ ዓምድ ካልጠየቃችሁ ማንም አይጨምረውም።

የመናገሻን ጽድ አደራ ያልኳችሁን አትርሱ። የተከለውና የቆረጠው ከአራት መቶ ዓመት በላይ ይራራቃሉ። የተከለ ሰው የማያያቸውን ሰዎች በሒሳቡ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ዑመርም (ረ.ዐ) ሰዋድን ሳይከፋፍሉ ሲያቆዩ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ በአዲስ ዓለም ስታልፉ ወደ ኮረብታው ቀና በሉ። እዚያ ላይ ሊቆም የነበረው ዋና ከተማ ያልቆመው ሰው መትከል በመጀመሩ ነው። ከዚያም ጥያቄውን ለራሳችሁ ጠይቁት፤ ዑመር ሁለቱን ሰዎች እንደጠየቁት። ምድሪቱ የማትችለውን ጭነንባት ይሆን?

ወላሁ አዕለም።